ወደ ገጠር ካውንቲ ልትገቡ ነው? መጀመሪያ የእኛን ደብተር እዩ

ሰሞኑን ሦስት ሰው ደውሎ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀኝ። «ዌስት ቨርጂኒያ ቤት ርካሽ ነው አሉ፤ እውነት ነው እንዴ?» እውነት ነው። ቤቱ ርካሽ ነው። ርካሽ ያልሆነው ምኑ እንደሆነ ለማወቅ ግን እኛን አንድ ዓመት ከሦስት ወር፣ የአንድ ካምሪ መኪና ግማሽ ዕድሜና ብዙ እንቅልፍ ፈጅቶብናል። ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከምደጋግመው ብዬ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። የታክስ ባለሙያ አይደለሁም፣ ነርስ ነኝ። የምነግራችሁ በራሳችን ላይ የደረሰውን ነው። ሕጉም ምጣኔውም በየዓመቱ ስለሚነካካ የምጠቅሰውን ቁጥር የዚያ ዓመት ቁጥር አድርጋችሁ ያዙት።

2022 ላይ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበርን። ሁለት መኝታ አፓርትመንት፣ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆች። እኔ ሆስፒታል ውስጥ ኤልፒኤን የሚባለው ደረጃ ነርስ ሆኜ በሳምንት ሦስት ቀን የ12 ሰዓት ሺፍት እሠራለሁ፤ ሰዓቱ 31 ዶላር ነው። ሥራዬ በአውቶቡስ 20 ደቂቃ። ባለቤቴ ዲሲ ውስጥ ኡበር ይነዳል። በዚያ ሰሞን አከራዩ ኪራዩን 2,150 አደርገዋለሁ የሚል ደብዳቤ በበር ሥር አስገባልን። ማታ ባለቤቴ ስልኩን ይዞ መጣና «እስቲ ይቺን እያት» አለኝ። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ ቤት፤ ሦስት መኝታ፣ አንድ ኤከር ተኩል መሬት፣ ፊት ለፊቱ በረንዳ፣ 229,000 ዶላር። በዚያ ገንዘብ እኛ ሰፈር ደህና ኮንዶ ማግኘት ራሱ መከራ ነው። ርቀቱን አየሁት፤ ከሥራዬ 90 ማይል ይላል። «በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ አይደል የምትሠሪው?» አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም፤ እኔም በረንዳው ላይ ቡና ሳፈላ ታይቶኝ ነበር።

ብድሩን ያገኘነው በዩኤስዲኤ በኩል ነው፤ የፌዴራሉ የግብርና መሥሪያ ቤት ዋስ የሚሆንበት የገጠር ቤት ብድር። ብዙ ሐበሻ ስለማያውቀው ትንሽ ልናገር። ቅድሚያ ክፍያ የለውም፣ ዜሮ ነው። በምትኩ መጀመሪያ ላይ የብድሩን 1 በመቶ፣ ከዚያ በየዓመቱ ከቀሪው ዕዳ ላይ 0.35 በመቶ ያስከፍላል። የመጀመሪያውን ብድሩ ውስጥ መጨመር ይቻላል፤ እኛም እንደዚያ አደረግን። ቤቱ በመሥሪያ ቤቱ ካርታ ላይ ገጠር ተብሎ በተመደበ ቦታ መሆን አለበት። የቤተሰቡ ገቢ ደግሞ ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 115 በመቶ መብለጥ የለበትም። ገቢ ሲባል የተበዳሪው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቤቱ ውስጥ የሚኖር የሚሠራ አዋቂ ሁሉ ይቆጠራል፣ እህታችሁም ብትሆን።

ቅድሚያ ክፍያ ባይኖርም የክሎዚንግ፣ ማለትም የግዢው ውል የሚዘጋበት ቀን የሚከፈል ወጪ አለ። እሱን በእቁብ ነበር ያሰብነው። የእቁባችን ዳኛ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው እናት፣ ጉዳያችንን ሰምተው ዕጣውን አስቀደሙልን። 11,000 ዶላር። ደስ ብሎን በማግስቱ ባንክ አስገባነው። በሦስተኛው ቀን የብድር ኦፊሰሩ ደወለ፤ «ይሄ ገንዘብ ከየት መጣ?» እቁብን ለብድር ኦፊሰር ለማስረዳት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ሰውየው በትዕግሥት ሰማኝና «ስለዚህ ብድር ነው?» አለኝ። አይደለም። «ስጦታ ነው?» እሱም አይደለም። ያዳነን በየወሩ የከፈልነው ከባንክ ባንክ በሚላክበት በዜል ስለነበር ነው። የራሳችን ገንዘብ ተመልሶ እንደመጣ ከባንክ ወረቀቱ ላይ እያሰመርኩ አሳየሁ፣ እትዬም የተሳታፊዎቹን ተራ ጽፈው ፈረሙልን። ያም ሆኖ ክሎዚንጉ ሁለት ሳምንት ዘገየ። አበዳሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት የባንክ ስቴትመንት ነው የሚያገላብጡት። ስለዚህ የእቁብ ገንዘብ ለቤት የምትፈልጉ ከሆነ ቢያንስ ሦስት ወር አስቀድማችሁ ባንክ አስገቡት፣ መዋጮውንም በእጅ አትክፈሉ።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተት ልምጣ። እኔና ባለቤቴ ሒሳቡን የሠራነው በአንድ ፖስታ ጀርባ ላይ ነው፤ ፖስታው እስከ ዛሬ አለ። ኪራይ 2,150፣ አዲሱ ቤት ከነግብሩ ከነኢንሹራንሱ 1,545። ልዩነቱ በወር 605፣ በዓመት 7,260 ዶላር። ከሥሩ ደግሞ የገቢ ግብር ብለን ጽፈናል። ሜሪላንድ ውስጥ ከስቴቱ ሌላ ካውንቲውም ከደመወዛችሁ ይወስዳል፤ የእኛው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ያኔ 3.2 በመቶ ነበር። ከስቴቱ 4.75 ጋር ሲደመር ከመቶው ወደ 8 ዶላር ሄደ ማለት ነው። ዌስት ቨርጂኒያ ካውንቲዎች የገቢ ግብር የላቸውም። የስቴቱም ከፍተኛ ምጣኔ 2023 ላይ ከ6.5 ወደ 5.12 በመቶ ወርዷል። እዚህ ላይ ግን ምጣኔን ከምጣኔ ብቻ እንዳታወዳድሩ። ዌስት ቨርጂኒያ ስታንዳርድ ዲዳክሽን የሚባል፣ ግብር ሳይሰላ ከገቢ ላይ የሚቀነስ ቋሚ መጠን የላትም፤ ከገቢያችሁ ላይ በሰው 2,000 ዶላር ብቻ ነው የምትቀንስላችሁ። ፖስታው ላይ ከገቢ ግብሩ በዓመት 2,100 ዶላር ይተርፈናል ብለን ገመትን፤ በኋላ የ2023ን ገቢያችንን በሁለቱም ስቴት ቀመር ስሠራውም ወደዚያው ገደማ ነው የወጣው። ጥሩ ነው፣ አይናቅም። ፖስታው ላይ ድምሩ 9,360 ሆነና ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመርንበት።

ነሐሴ ላይ ገባን። የመጀመሪያዎቹ ወራት ሰላም ነበሩ። ልጆቹ እንደ ጥጃ ሲፈነጩ ማየት በቂ ነበር። እንዲያውም ደመወዜ የጨመረ መሰለኝ።

የጨመረበት ምክንያት ግን እንዲህ ነው። ሜሪላንድና ዌስት ቨርጂኒያ ስምምነት አላቸው፤ እዚያ የምትሠሩ እዚህ የምትኖሩ ከሆነ ደመወዛችሁን የሚያስከፍለው የምትኖሩበት ስቴት ብቻ ነው። እኔም ኤም ደብልዩ 507 የሚባለውን ፎርም ሞልቼ ለመሥሪያ ቤቴ ሰጠሁ፣ የሜሪላንድ ግብር መቆረጥ አቆመ። አስተውሉ፤ የሜሪላንዱ ቆመ እንጂ የዌስት ቨርጂኒያው አልተጀመረም። ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ከቼኬ ላይ የስቴት ግብር የሚለው መስመር ባዶ ሆኖ እያየሁ «አይ ገጠር፣ እንዲህ ነሽ?» እያልኩ ነበር። ሚያዝያ ሲደርስ የአራት ወሩ ብቻ ለሁለታችን ወደ 1,300 ዶላር ዕዳ ወጣብን፣ ከቅጣት ጋር። የስቴት ወሰን አልፋችሁ የምትሠሩ ሁሉ፣ ከገባችሁ በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያውን ቼክ አውጡና እዩት። አዲሱ ስቴታችሁ ስሙ ከሌለበት መሥሪያ ቤታችሁ እንዲቆርጥ ጠይቁ። አይቻልም ካሉ በየሩብ ዓመቱ ራሳችሁ መክፈል አለባችሁ። ደግሞ ይህ ስምምነት ለተቀጣሪ ደመወዝ ብቻ ነው። ባለቤቴ በኡበር ሜሪላንድ ውስጥ የሠራው የራሱ ሥራ ስለሆነ ስምምነቱ አልሸፈነውም፤ ለሜሪላንድ ሌላ ፎርም መሙላት ነበረበት።

ሁለተኛው ዱላ የመጣው 2023 ሐምሌ ላይ፣ በቤቱ ግብር ነው። ይሄኛውን ቀስ ብላችሁ አንብቡት፣ ምክንያቱም የቤት ኤጀንቶች ራሳቸው ሲያወሩት አልሰማሁም። ዌስት ቨርጂኒያ ቤትን በክላስ ትከፍላለች። ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት ክላስ ቱ ነው። ከከተማ ክልል ውጭ ሆኖ ባለቤቱ የማይኖርበት፣ ለምሳሌ የተከራየ ቤት፣ ክላስ ትሪ ነው፤ ምጣኔው ደግሞ እጥፍ። ማን እንደሚኖርበት የሚታየው በአንድ ቀን ነው፤ ጁላይ 1። የዚያን ቀን ሁኔታ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣውን ቢል ይወስናል። ለእኛ የሸጡልን ሴትዮ እስከ 2021 ራሳቸው ይኖሩበት ነበር፣ ከዚያ ወጡና አከራዩት። እኛ ስንገዛ የታየው የ2022 ቢል እሳቸው ሲኖሩ የነበረው ነው፤ ወደ 1,090 ዶላር። ጁላይ 1፣ 2022 ግን ቤቱ ውስጥ ያለው ተከራይ ነበር። እኛ የገባነው ነሐሴ። ስለዚህ በዓመቱ ቢሉ 2,180 ሆኖ መጣ።

ኤስክሮው፣ ማለትም አበዳሪው ለቤቱ ግብርና ኢንሹራንስ ከወርሃዊ ክፍያችን የሚያስቀምጠው ገንዘብ፣ ደግሞ በድሮው ቢል ነበር የተሰላው። አበዳሪው የጎደለውን በ12 ወር ከፋፍሎ ጨመረብን፣ አዲሱንም እጥፍ አስገባ፣ ወርሃዊ ክፍያችን ከ1,545 ወደ 1,727 ዘለለ። ካውንቲው ጽሕፈት ቤት ሄጄ ተከራከርኩ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ትሑት ናት፤ የመዝገቡን ገጽ ወደ እኔ አዙራ ቀኑ ላይ ጣቷን አሳረፈችና «እመቤት፣ ጁላይ 1 የት ነበርሽ?» አለችኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ። በቃ። ምን እላለሁ? ያኔውኑ አሁን እኛ እንደምንኖርበት አስመዘገብኩና በሚቀጥለው ዓመት ወደ ክላስ ቱ ተመለሰ። እናንተ ግን ቤቱን ከመግዛታችሁ በፊት የካውንቲው ንብረት ገማች፣ አሴሰሩ ጋ ደውላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቤቱ አሁን ስንተኛ ክላስ ነው? ባለፈው ጁላይ 1 ማን ነበር የሚኖርበት? አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን የግብር ቁጥር የሻጩ ግብር ነው ብላችሁ አስቡ፣ የእናንተ አይደለም።

ሌሎቹን ወጪዎች ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ቤቱ የሚሞቀው በፕሮፔን ነው። ታንኩ ደግሞ የእኛ ሳይሆን የካምፓኒው ኪራይ ሆኖ ተገኘ፣ ስለዚህ ጋዙን ከነሱ ውጭ ከማንም መግዛት አይቻልም፤ ዋጋ ሲጨምሩ ዝም ብሎ መክፈል ነው። ውሃው የጉድጓድ ነው፣ ፍሳሹ ሴፕቲክ። የቤቱን ፍተሻ ስናስደርግ የሴፕቲኩ ለብቻው ያስከፍላል ሲሉን ተውነው፤ ለጥቂት መቶ ዶላር ብለን። እንዳትተዉት። ሴፕቲክ በየሦስት እስከ አምስት ዓመት መጠረግ አለበት፣ የእኛው መቼ እንደተጠረገ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ማወቅ የጀመርነው ሽታው ሲመጣ ነው። የቤት ኢንሹራንስም የእሳት አደጋ ጣቢያውና የእሳት ማጥፊያ ውሃ መቅጃው ምን ያህል እንደሚርቁ እያየ ይወደዳል፣ ስለዚህ በዚህ ዋጋ ልግዛ ብላችሁ ኦፈር ከማስገባታችሁ በፊት የኢንሹራንሱን ዋጋ አስነግሩ።

ትልቁ ስውር ወጪ ግን ባለቤቴ ነበር። ገጠር ውስጥ ኡበር የሚጠራ ሰው የለም። መጀመሪያ እየተመላለሰ ሞከረ፣ አልሆነም። ከዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ጓደኛው ቤዝመንት፣ ምድር ቤት ውስጥ አልጋ ተከራየ፣ በወር 400 ዶላር። በሳምንት አራት ሌሊት እዚያ ያድራል። ቤት ገዝተን ሁለት ቤት መክፈል ጀመርን ማለት ነው። ትንሿ ልጄ አንድ ቀን «አባዬ የሚመጣው ቅዳሜ ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ ቆምኩ።

እና አጋዘኑ። ኅዳር 2023፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ወደ ሥራ እየሄድኩ ነው። አውራ ጎዳናው ላይ ገና አልወጣሁም፣ ጠባቡ መንገድ ላይ ነኝ። ከግራ በኩል ወጣ። ዓይኑን ብቻ ነው ያየሁት፣ ከዚያ ድምፅ። እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መኪናው ግን ፊቱ ገባ። መንገዱ ዳር ቁጭ ብዬ ለሱፐርቫይዘሬ እየደወልኩ የሰውነቴን መንቀጥቀጥ ትቼ የማስበው ሺፍቴን ማን እንደሚሸፍን ነው። ደግሞ የባሰው፣ ከሦስት ወር በፊት በወር 22 ዶላር ለመቆጠብ ኮምፕሪሄንሲቭ የሚባለውን የኢንሹራንስ ክፍል አስወጥተነው ነበር። አጋዘን መምታት የሚሸፈነው በእሱ ነው። 2,800 ዶላር ከኪሳችን። ገጠር የምትኖሩ፣ ከሌላው ሁሉ ቀንሱ፣ ከዚህኛው አትቀንሱ።

ያን ቅዳሜ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ከባለቤቴ ጋር ጠረጴዛ ከበን ተቀመጥን። የትልቋን ልጄን የሒሳብ ደብተር ነው ያነሳነው፣ መጨረሻው ገጽ ላይ። በመጀመሪያ የጻፍኩት ማይሉን ነው። 90 ሲደመር 90፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ 540 ማይል። ፈቃድና በዓል ተቀንሶ 48 ሳምንት። 25,920 ማይል በዓመት። የፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት፣ አይአርኤስ፣ ለ2023 አንድ ማይል መንዳት 65.5 ሳንቲም ብሎ ነው የያዘው፤ ነዳጅ፣ ጎማ፣ ጥገና፣ ኢንሹራንስ፣ የመኪናው ማርጀት ሁሉ ተደምሮ። አባዛሁት። 16,978 ዶላር። ባለቤቴ «እንደገና አባዢው» አለኝ። እንደገና አባዛሁት። ያው ነው።

በእርግጥ ይሄ ሁሉ በጥሬው ከኪሳችን አልወጣም፣ የእኛ ካምሪ አሮጌ ናት። ግን የገባን ቀን 88,000 ማይል የነበረችው መኪና 120,000 ደርሳለች፣ እሷም አንድ ቀን መቀየሯ አይቀርም። ከሥራ ወደ ቤት መመላለስ ደግሞ ከግብር አይቀነስም፣ እንዳትሳሳቱ። የቤዝመንቱን አልጋ 4,800 ጨመርንበት። ፖስታው ላይ አተረፍን ያልነው 9,360 ነበር። ከደብተሩ ላይ ቀና ብለን ተያየን።

ከዚያ ባለቤቴ ያላሰብኩትን ነገር ጠየቀኝ። «መንገዱን ሰዓት ብንቆጥረውስ?» አንድ ጉዞ አንድ ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይወስዳል፣ 270 የሚባለው አውራ ጎዳና ካልተዘጋ። በሳምንት 11 ሰዓት። የምከፈለው ለ36 ሰዓት ነው፣ ከቤት የምወጣው ግን ለ47 ሰዓት። 31 ዶላር በ36 ሲባዛ 1,116 ነው። የሳምንቱን የማይል ወጪ፣ ወደ 354 ዶላር፣ ስቀንስ 762 ቀረኝ። ለ47 ሲካፈል 16 ዶላር ከ20 ሳንቲም። ከ2023 ሐምሌ ጀምሮ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች መክፈል ያለባቸው ዝቅተኛው ደመወዝ 16.70 ነበር። ነርስ ሆኜ፣ ሌሊት ተነስቼ፣ አጋዘን እየመታሁ፣ ከዝቅተኛው በታች እየሠራሁ ነው ማለት ነው። ሳቅ ያዘን። ምን እናድርግ።

መሸጥ አሰብን። ግን ገና ዓመት ከምናምን ነው፣ የኤጀንት ኮሚሽንና የክሎዚንግ ወጪ ሲቀነስ ባዶ እጃችንን እንወጣለን። ስለዚህ ቤቱን ሳይሆን ሥራውን ለመቀየር ወሰንን፣ መጀመሪያውኑ መሆን የነበረበት እሱ ነው። ወሰን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ውስጥ ከቤቴ 32 ማይል የሚርቅ ሆስፒታል አመለከትኩ። 27 ዶላር ሰጡኝ። ድሮ ቢሆን 4 ዶላር ተቀነሰብኝ ብዬ እምቢ እል ነበር፤ በዓመት 7,488 ዶላር ነው። በደብተሩ ስናየው ግን ሌላ ነው። 27 በ36፣ 972 ዶላር። የሳምንት ማይል 192፣ ወጪው ወደ 126 ዶላር። ቀሪው 846። መንገዱ 45 ደቂቃ ስለሆነ ጠቅላላው 40 ሰዓት ተኩል። በሰዓት 20 ዶላር ከ90 ሳንቲም ገደማ። ደመወዜ ቀንሶ እጄ ላይ የሚቀረው ጨመረ። 2024 የካቲት ላይ ጀመርኩ። ቨርጂኒያና ዌስት ቨርጂኒያም ያንኑ የግብር ስምምነት ስላላቸው በዚህኛው ዙር ፎርሙን ብቻ አልሰጠሁም፤ የደመወዝ ክፍሉ ድረስ ሄጄ የዌስት ቨርጂኒያ እንዲቆረጥልኝ አስፈረምኩ። ባለቤቴም ቤዝመንቱን ትቶ 20 ማይል የሚርቅ መጋዘን ገባ። ኡበርን ይናፍቃል፣ በተለይ የዲሲን ወሬ።

ነርስ ለሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዌስት ቨርጂኒያ ሦስቱም የነርሶች ላይሰንስ ኮምፓክት፣ ማለትም የአንዱ ስቴት ፈቃድ በሌሎቹም የሚሠራበት ስምምነት ውስጥ ናቸው። ግን የመኖሪያ ስቴት ስትቀይሩ ላይሰንሱንም ወደ አዲሱ ስቴት ማዞር አለባችሁ፤ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ለዚህ ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው።

ሐምሌ 2024 ደግሞ ያልጠበቅነው ፖስታ መጣ። የመኪና ግብር። ዌስት ቨርጂኒያ በየዓመቱ በመኪናችሁ ዋጋ ልክ ታስከፍላለች፣ ደረሰኙ ከሌላችሁም ታርጋ አትታደስም። ለሁለቱ መኪና 540 ዶላር ገደማ። እግር ጥሎን ግን ከ2024 ጀምሮ በጊዜው የከፈለ ሰው ያንን በስቴት የገቢ ግብሩ ላይ ተመልሶ እንዲያገኘው ሕግ ወጥቷል። በጊዜው የሚለውን አስምሩበት። የመጀመሪያው ግማሽ እስከ ሴፕቴምበር 1፣ ሁለተኛው እስከ ማርች 1 ከተከፈለ ደግሞ 2.5 በመቶ ቅናሽ አለው።

ሌላ ስቴት የምታስቡ ሰዎች ጉዳያችሁ ይለያል፣ ግን ወጥመዱ ተመሳሳይ ነው። ቨርጂኒያ ገጠር የገባ ጓደኛችን አለ። እዚያ ካውንቲው የገቢ ግብር የለውም፣ የመኪና ግብር ግን አለ፤ ለግል መኪና የመጀመሪያው 20,000 ዶላር ዋጋ ላይ ስቴቱ ከፊሉን ይሸፍናል። ጓደኛችን ግን መኪናውን ከግማሽ በላይ ለኡበር ስለሚጠቀምበት ቅናሹ አይገባውም ተባለ፣ ሙሉውን ከፈለ። ሌላዋ እዚያው ሜሪላንድ ራቅ ያለ ካውንቲ ገዛች። የድሮው ባለቤት ለብዙ ዓመት የኖረበት ስለነበር ሆምስቴድ ክሬዲት የሚባለው ግብሩን ዝቅ አድርጎ ይዞለት ነበር። ቤቱ ሲሸጥ ክሬዲቱ አብሮ አይተላለፍም፣ እሷ በሙሉው ግምት ከፈለች፣ የራሷንም ለማግኘት አንድ ጊዜ ማመልከት ነበረባት። ሜሪላንድ ውስጥ ከሆናችሁ የካውንቲ የገቢ ግብሩ የሚታየው በምትኖሩበት እንጂ በምትሠሩበት አይደለም፣ አድራሻ ስትቀይሩ ለመሥሪያ ቤታችሁ ንገሩ።

ሒሳቡን ስትሠሩ በፖስታ ጀርባ አትሥሩት። ሁለት ገጽ ክፈቱ፣ አንዱ አሁን ያላችሁበት፣ አንዱ የምትሄዱበት። ከላይ መጻፍ ያለበት የቤቱ ዋጋ አይደለም፤ እዚያው አካባቢ ማግኘት የምትችሉት ደመወዝ ነው። ዛሬ ያላችሁ ደመወዝ አይደለም። የዌስት ቨርጂኒያ ዝቅተኛ ደመወዝ 8.75 ነው፣ ሜሪላንድ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ 15፤ ልዩነቱ ከታች እስከ ላይ ይሰማል። ከቤት እየሠራችሁ ከሆነ ኢንተርኔቱን ቤቱ ውስጥ ገብታችሁ ሞክሩት። ባልና ሚስት ሁለታችሁም ሥራ የምታገኙበት ካልሆነ፣ አንዳችሁ ቤዝመንት እንደምትተኙ አስቡ።

ባለፈው ሳምንት ከእቁባችን አንዷ ደወለችልኝ፣ ከእኛ አንድ ካውንቲ አለፍ ብሎ ቤት አይታለች፣ 215,000። ዋጋውን ነገረችኝ፣ ግብሩን፣ ወለሉ እንጨት መሆኑን። «ሥራሽስ?» አልኳት። «እዚያው ሜሪላንድ፣ ሮክቪል ነው፣ ምን ያህል ይርቃል ብለሽ ነው» አለችኝ። ኦፈር ከማስገባትሽ በፊት አንድ ማክሰኞ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ቤቱ ደጃፍ ተነሺና እስከ ሥራሽ ንጂው፣ ማታም ተመለሺ፣ አልኳት። ዛሬ ጠዋት ደወለች። ከኋላዋ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። «እኔ ገና መንገድ ላይ፣ ፍሬድሪክ ጋ ቆሜያለሁ» አለችኝ፣ «ደብተርሽን በፎቶ ላኪልኝ።»